የጎደለችው ፊደል

በዚያ ቴአትር ቤት መድረክ ጫፍ ላይ፣ ከተመልካች በኩል ሲታይ የተደፋ ግማሽ ቅርጫት የሚመስል የእንጨት ክዳን አለ። ብዙ ሰው የመብራት ዕቃ ይመስለዋል። ከክዳኑ ስር ግን ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንዲት ትንሽ መብራትና አንዲት ሴት አሉ። የሴትየዋ ሥራ ተዋንያን ቃላቸው ሲጠፋባቸው ከስር ሹክ ማለት ነው። በስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሁሉም "እትዬ ሹክ" ይሏታል።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ጽሑፉን ይዞ መከታተል፣ ሲረሱ ማስታወስ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ ተዋናይ መድረክ ላይ ዝም የሚለው ስለረሳ ብቻ አይደለም። ሐዘኑ እንዲሰማ፣ ቁጣው እንዲብላላ፣ አንዳንዴም አጠገቡ ያለው ተዋናይ ሳቁን እስኪውጥ ዝም ይላል። እያወቀ ዝም ላለ ሰው ቃል ማቀበል ደግሞ ለተኛ ሰው ውሃ እንደ መድፋት ነው። ስለዚህ አስታዋሽ የዝምታ ዓይነት መለየት አለባት። እትዬ ሹክ የምትለየው በትንፋሽ ነው። የረሳ ሰው አየር ወደ ውስጥ ይስብና እዚያው ይይዘዋል፤ ትከሻው ከፍ ይላል፤ ዓይኑ ሳያውቀው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። እያወቀ ዝም ያለ ግን ይተነፍሳል።

ሌላም ሕግ ነበራት። ከመስመሩ የመጀመሪያዋን ቃል እንጂ ሁለተኛዋን አትሰጥም። "ቃል እንደ ክር ነው፤ ጫፉን ካስያዝከው የቀረውን ራሱ ይስበዋል" ትላለች። እውነትም ይስቡታል።

ወደዚህ ጉድጓድ የወረደችው በወጣትነቷ ነው። የመጣችው ተዋናይት ልትሆን ነበር፤ ድምጿ ግን ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። የዚያን ጊዜው አዘጋጅ ሲፈትናት "ልጄ፣ ፊትሽ አደባባይ ነው፤ ድምፅሽ ግን ጓዳ" አላትና ታች አስቀመጣት። እዚያው ቀረች። ሹክሹክታ እንጀራዋ ስለሆነ ከጊዜ ብዛት ሌላ ድምፅ ጠፋባት። ሱቅ ስትሄድ ባለሱቁ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ "እትዬ፣ ሚስጥር ነው እንዴ ሳሙናው?" ይላታል።

የምትኖረው ደረጃው በሚያቃስት ቤት፣ ላይኛው ፎቅ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነው። ራዲዮ ከፍታ ዜና አንባቢው ትንፋሽ ሲያጥረው የሚቀጥለውን ቃል ታቀብለዋለች። ከግድግዳው ወዲያ ባልና ሚስት ይኖራሉ፤ ብዙ ጊዜ ይጣላሉ። ሚስትየዋ ተናግራ ተናግራ ስታበቃ ባልየው ዝም ይላል። ያኔ እትዬ ሹክ ሹራቧን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ትልና "ይቅርታ በላት፣ አንተ ግንድ" ትላለች በሹክሹክታ። እሱ አይሰማም። እሷም እንደማይሰማ ታውቃለች። ቢሆንም፣ ልማድ ነው፤ ደግሞም ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የምታወራው ይህችኑ ነው።

እንዲህ እያለች ሳለ ነው አንድ አንጋፋ ተዋናይ ይመጣል የሚል ወሬ የተሰማው። በሌላ ከተማ ቴአትር ቤት ስሙን የተከለ ሰው ነው፤ አሁን አርጅቶ፣ የእህቱ ልጅ በጻፈው ተውኔት ውስጥ አባት ሆኖ ሊጫወት ነው። ወጣቶቹ ተዋንያን ገና ሳያዩት "ጋሼ" ማለት ጀመሩ። እትዬ ሹክ ዜናውን የሰማችው ከአልባሳት ጠባቂዋ ነው።

"ያውቁታል እንዴ ጋሼን?" አለቻት አልባሳት ጠባቂዋ።

"ድምፁን አውቀዋለሁ" አለች እትዬ ሹክ።

ባሏ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ቴአትር ቤቱ ውስጥ አልቀረም፤ ግማሹ ጡረታ ወጥቷል፣ ግማሹ አፈር ለብሷል።

ታሪኩ አጭር ነው። በወጣትነታቸው ተጋብተው፣ እሱ ከቡድኑ ጋር ለዙር ትርኢት ወጣና ከአንዲት ተዋናይት ጋር በፍቅር ከነፈ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደረሰ። እሱ ራሱ አንድ ቀን ጠዋት መጣ፤ ግን ደረጃውን መውጣት አልደፈረም። ሻንጣውን ይዞ ከመንገዱ ማዶ ቆመና እህቱን ላከ። እህትየው ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ታች ነው። ምን ልበለው?" አለች።

እትዬ ሹክ የዚያን ጊዜ እንኳ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። ትንሽ አሰበችና "ይቅር" አለች።

እህትየው ወረደች። እትዬ ሹክ ወደ መስኮቱ ሄደች። የሰው ከንፈር አይታ ቃል የምታውቅ ሴት፣ የዚያን ቀን የታያት የእህትየው ጀርባ ብቻ ነበር። እሱ ሰማ። አንገቱን ደፋ። እሷም ከመስኮቱ ተመለሰችና ውሃ ጣደች፤ ከመንገድ የመጣ ሰው መታጠቡ አይቀርም ብላ። ውሃው ፈላ፣ ተንተከተከ፣ አለቀ። እሱ ግን ቀረ።

አሁን ይህችን "ይቅር" የምትባል ቃል ቀስ ብለን እንያት፤ እንዲህ ያለ ተአምር በእጃችን ይዘን ሳናየው እንኖራለን። "ጉዞው ይቅር" ስንል ጉዞ የለም፤ አለቀ፣ ተሰረዘ ማለታችን ነው። "ይቅር ተባባሉ" ስንል ደግሞ ቂሙ አለቀ፣ ሰዎቹ ተገናኙ ማለታችን ነው። አንዱ በር ይዘጋል፣ ሌላው በር ይከፍታል፤ ቃሉ ግን ያው አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው መልእክተኛ ይዞት ሲሄድ ነው። "ይቅር ብላለች" ካለ፣ አትምጣ ብሏል። "ይቅር ብላሃለች" ካለ፣ ግባ ብሏል። መሐላቸው ያለችው አንዲት "ሃ" ናት።

እትዬ ሹክ የፈለገችው ሁለተኛውን ነበር። እህትየው ያደረሰችው የትኛውን እንደሆነ ግን አላወቀችም። እህትየው ተመልሳ አልመጣችም፤ በኋላ አንዴ ለቅሶ ቤት ተያዩ፣ ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ከዚያ እህትየው ሞተች። ጥያቄው ግን አልሞተም። ቃሌን ሞልቼ ብናገር ይመጣ ነበር፤ ያባረርኩት እኔው ነኝ ትላለች ለራሷ። ይህ ፀፀት ነበር፤ ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መጽናኛም ነበር። ምክንያቱም ስህተት ነው የለየን ያለ ሰው፣ ያለ ስህተቱ አብረን ነበርን ማለቱ ነው።

ልምምዱ ሲጀመር አንጋፋው ተዋናይ ገባ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ያው ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርስ ጎንበስ አለና "እንደምን አሉ?" አላት።

"ይመስገን። እርስዎስ?" አለችው።

አንድ ትራስ የተጋሩ ሰዎች "አንቱ" ሲባባሉ የሰማ ቢኖር ይደነግጥ ነበር። የሰማ የለም።

ጽሑፉ ሲታደል ሁለት ጊዜ አነበበችው። ተውኔቱ እንዲህ ነው፦ አንድ ባል ሌላ ሴት ወድዶ ቤቱን ይተዋል፤ ተጸጽቶ ይመለሳል፤ ደጅ ቆሞ አማቱን ይልካል። አባት ልጁን "ምን ልበለው?" ይላታል። ልጅቱ "ይቅር" ትላለች፤ አልጋውን ማንጠፍ ትጀምራለች። አባት ወጥቶ "ይቅር ብላለች" ይላል። ባል አንገቱን ደፍቶ "ይሁን" ይልና ይሄዳል። የሚሄደው ወደ ሞላው ወንዝ ነው። በመጨረሻው ክፍል ሬሳው መሐል ሆኖ አባት፣ ሚስትና ውሽማ ገዳዩ ማን እንደሆነ ይካሰሳሉ።

እትዬ ሹክ ደራሲውን በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ አገኘችው። አገጩ የእናቱ ነበር።

"ልጄ፣ ይህን ከየት አመጣኸው?"

"እናቴ ካወራችልኝ ነው እትዬ። የማን ታሪክ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።"

"አባትየው የሚላትን ቃልም እሷ ናት ያለችህ?"

ደራሲው ራሱን አከከ። "አይ፣ እሷማ 'ሴትየዋ ይቅር አለች፣ ሰውየው ሄደ' ነበር ያለችኝ። መሐሉን እኔ ሞላሁት።"

መሐሉን! እትዬ ሹክ ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚያ መሐል ነው።

ተውኔቱ ቴአትር ቤቱን ለሁለት ከፈለው። ምሳ ሰዓት ላይ መልበሻ ክፍሉ ችሎት ይሆናል።

"አባትየው ነው!" ይላል የመድረኩ አናጢ፣ ጉርሻው አፉ ውስጥ እያለ። "ፊደል የሰረቀ ሌባ! እኔ አንድ ምስማር ብሰርቅ በሩ ይወድቅ የለም?"

"ሂድ ወዲያ" ትላለች አልባሳት ጠባቂዋ። "የሰው ሴት አቅፎ የተኛው አባትየው ነው እንዴ? ሰውየውን የራሱ እግር ነው የገደለው።"

ባልየውን የሚጫወተው ወጣት እጁን ያነሳል። "እኔ ሟች ነኝ። ሟች አይወቀስም።"

"ሟች ባይወቀስ ኖሮ ለቀስተኛ ምን ያወራ ነበር?"

ሳቁ። አናጢው ወደ ጥጉ ዞረ። "እርስዎስ እትዬ ሹክ? ሁልጊዜ ከስር ሆነው ይሰሙናል፤ እስቲ ዛሬ እንኳ ከላይ ይፍረዱ።"

እትዬ ሹክ ሳህኗን አስቀመጠች። "ሴትየዋ ናት" አለች።

"ውይ! በየት በኩል?"

"ቃሏን አልጨረሰችማ። 'ይቅር ብዬዋለሁ' ብትል ምን ነበረበት? ግማሽ ቃል ልካ ሙሉ ሰው ትጠብቃለች?"

ሁሉም ዞረው አዩዋት፤ ይህን ያህል ቃል ከእሷ ሰምተው አያውቁም። አንጋፋው ተዋናይ መስተዋቱ ፊት ተቀምጦ ነበር። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺን መስመር ይረሳ ጀመር። ሌላውን ሁሉ እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ ከአማቹ ፊት ቆሞ "ይቅር ብላለች" የሚልበት ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። አዘጋጁ ጸጉሩን ይነጫል። "ጋሼ፣ ሁለት ቃል እኮ ናት!"

"አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ።"

እትዬ ሹክ ከስር "ይቅር" ትለዋለች። እሱም "ይቅር…" ይልና እዚያው ይደርቃል። ክሩን ያዘ፤ አልሳበውም። በሕጓ መሠረት ሁለተኛውን ቃል አትሰጥምና አዘጋጁ ራሱ ይጮህለታል። ትንፋሹ ግራ ገባት። ትከሻው እንደረሳ ሰው ከፍ ይላል፤ ዓይኑ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ ግን ይተነፍሳል። እንዲህ ያለ ዝምታ በዕድሜዋ ገጥሟት አያውቅም።

የመጀመሪያው ትርኢት እሑድ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፣ ወንበር ያጡም በግድግዳው ጥግ ቆመዋል። ሁሉም እንደ ታቀደው ሄደ። ልጅቱ "ይቅር" አለች፤ አንሶላውን አራገፈች። አባት ወጣ፤ አማቹ ፊት ቆመ። ዝም አለ።

እትዬ ሹክ "ይቅር" አለች ከስር።

"ይቅር…" አለ አባት። ዝም አለ።

ከተመልካቹ አንድ ሰው አሳለ። አዘጋጁ ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ እዚህ መጮህ አይችልም። አንጋፋው ተዋናይ ዓይኑን ወደ ጉድጓዱ አወረደ። ጣቷ መስመሩ ላይ ነበር፤ ቃሉም ደምቆ ይታያታል። ሕጓን ሰብራ ሁለተኛውን ቃል ሰጠችው። ያለችው ግን ጣቷ ስር ያለውን አልነበረም።

"ብላሃለች" አለች።

"ይቅር ብላሃለች" አለ አባት፣ አዳራሹን በሚሞላው ድምፁ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ባልየውን የሚጫወተው ወጣት ደነገጠ። ይቅር ከተባለ ሊገባ ነው፤ ከገባ ወንዝ የለም፣ ሬሳ የለም፣ የቀረው ተውኔትም የለም። እሱም ዓይኑን ወደ ጉድጓዱ ጣለ። እትዬ ሹክ ያላት የተጻፈው ብቻ ነበር፤ እሱኑ ሰጠችው።

"ይሁን" አለች።

"ይሁን" አለ ወጣቱ። አንገቱን ደፋ። ሄደም።

ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ "እንዴ! ይቅር አለችህ እኮ! አንተ፣ ወዴት ነው?" ብላ ጮኸች። ሌሎችም አጉረመረሙ። እትዬ ሹክ ጉድጓዷ ውስጥ ሆና ጣቷን ከመስመሩ ላይ ማንሳት አቃታት። የሚያስገርመው ይህ ነው፦ ከአንዲቷ "ሃ" በቀር ምንም አልተለወጠም። የቀረው ቃል ሁሉ እንደ ተጻፈው ተነገረ። ትርጉሙ ግን ተገለበጠ። አባት "እኔ ያለችውን ነው ያልኩት" ሲል ተመልካቹ አመነው። ሚስት ደረቷን እየመታች "የገደልኩት እኔ ነኝ" ስትል፣ ያቺው የፊት ረድፏ ሴት "አይደለሽም እናቴ፣ አይደለሽም" አለች።

መጋረጃው ሲዘጋ አዘጋጁ ወደ ጉድጓዱ ተንደረደረ። "እትዬ፣ ተውኔቱን ገደሉብኝ!"

"አፌ ነው ልጄ፤ አመለጠኝ።"

እውነት አምልጧት ነው ወይስ ታስቦበት? እሷም ብትሆን የምታውቅ አይመስልም። አፍ የልብን ሲያወጣ ባለቤቱን አያስፈቅድም።

ሁሉም ሲበተን ከስር ባለው ጠባብ ኮሪደር ኮቷን ልትለብስ ቆመች። በላይኛው መስኮት የከሰዓት ፀሐይ ገብቶ ግድግዳው ላይ ተኝቷል። አንጋፋው ተዋናይ ሜካፑን ሳያጥብ መጣ፤ የተሳለው ሽበት ከራሱ ሽበት ጋር ተደባልቋል።

"መስመሩን ረስቼው አልነበረም" አለ።

"ትንፋሽዎ ነግሮኛል።"

"ሴትየዋ ናት ያልሽ ቀን…" ብሎ ቆመ። "አንቺ" እንዳላት ሁለቱም ሰሙ። "ከዚያ በኋላ ያንን ውሸት ማለት አቃተኝ። እህቴ አጥርታ ነው የነገረችኝ። 'ይቅር ብላሃለች፤ ውጣ' ነው ያለችኝ።"

እትዬ ሹክ አንድ እጇ ኮቱ እጅጌ ውስጥ ገብቶ፣ ሌላው በአየር ላይ ቀረ።

"ሰምተህ ነው የሄድከው?"

"ሰምቼ ነው። ብትሰድቢኝ እወጣ ነበር፤ ብትደበድቢኝ እወጣ ነበር። ይቅር ስትይኝ ግን… ቀለለኝ። የጨረስኩ መሰለኝ። ያቺም መናኸሪያ ትጠብቀኝ ነበር።"

"ውሃ ጥጄ ነበር" አለች።

"ምን?"

"ምንም። ውሃ ነው።" እጇን እጅጌው ውስጥ አስገባች። "ይህን ሁሉ ዘመን የጠፋችብኝን ፊደል ስፈልግ፣ ለካ አንተ ኪስ ውስጥ ነበረች።"

ሊመልስ አፉን ከፈተ። አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ እዚያው ያዘው። ትከሻው ከፍ አለ። ዓይኑ፣ በሙያው ልማድ፣ ወደ እሷ ወረደ። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ቃል የጠፋበት ሰው ነው። የሚፈልገውንም ቃል ታውቀዋለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ብትሰጠው የቀረውን ይስበዋል።

አልሰጠችውም። የኮቷን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ ቆለፈች። ጠበቀች፤ እስከ መጨረሻው ቁልፍ ድረስ። ከዚያ "ደህና ይሁኑ" ብላው ደረጃውን ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ገና አልመሸም ነበር። ወንበሩ በቦታው፣ ሹራቡ በቦታው። ራዲዮኑን አልከፈተችም። እስከዚያ ቀን ድረስ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ሆና አታውቅም ነበር ማለት ይቻላል፤ አንድ ተሳስቶ የሄደ ሰው አብሯት ነበር። አሁን እሱም ወጣ። ውሃ አሞቀችና እግሯን ነከረች።

ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤቶቿ ጀመሩ። ሚስትየዋ ተናገረች፣ ተናገረች፣ አበቃች። ባልየው ዝም አለ። እትዬ ሹክ በልማድ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ከንፈሯ ተከፈተ፤ መልሳ ገጠመችው። ዝምታው ረዘመ።

"እሺ በቃ" አለ ባልየው በመጨረሻ፣ በጎረነነ ድምፅ። "አጥፍቻለሁ። ይቅርታ።"

ያለ ማንም አስታዋሽ ነበር ያለው። እትዬ ሹክ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቀምጣ ሚስትየዋ የምትመልሰውን ጠበቀች፤ ግድግዳው ወፍራም ነበርና አልተሰማትም።